አምስት የድሮ ጌም፣ አንድ ቴሌቪዥን፦ ገመድ ሳይነቀል ሁሉንም ማገናኘት

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። «ጋሼ፣ ባለ 32 ኢንች ፍላት ቴሌቪዥን አለን። ካሴት የሚገባበት የቻይና ጌም፣ አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው ሴጋ፣ ግራጫው ፕሌይስቴሽን 1፣ ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 እና ፕሌይስቴሽን 3 አሉን። ቴሌቪዥኑ አንድ ኤቪ (የድሮ ማሽኖች የምስልና የድምፅ መግቢያ) እና ሁለት ኤችዲኤምአይ ነው ያለው፤ አንዱን ኤችዲኤምአይ የዲሹ ሪሲቨር ይዞታል። ወንድሞቼ በየቀኑ ሲነቅሉና ሲሰኩ የኤቪው ቢጫ ቀዳዳ ላልቷል። አንድ የሱቅ ሰው ባለ መንታ ገመድ ገዝቼ ሁሉንም አንድ ላይ እንድሰካቸው ነገረኝ። ሴጋውን ደግሞ በሰው ትራንስፎርመር ስንሞክረው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነብን። ሁሉንም ሰክቼ የምፈልገውን ብቻ የምመርጥበት መንገድ አለ?»

ሰላም ወንድሜ። መንገድ አለ፣ ውድም አይደለም። መንታ ገመዱን ግን አትግዛ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳሃለሁ። ከምስሉ ገመድ በፊት የመብራቱን ነገር ልጨርስ። ገመዱ መጥፎ ቢሆን ምስሉ ይበላሻል እንጂ ማሽኑ አይሞትም። ኃይሉ ከተሳሳተ ግን ማሽኑ በቅጽበት ይቃጠላል፣ ለነዚህ ማሽኖች መለዋወጫ ደግሞ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ብትፈልግ በቀላሉ አታገኝም።

የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ 120፣ የጃፓን 100። ከሴጋው ጋር የመጣው አዳፕተር የሚቀበለው 120 ብቻ ነው። ዛሬ የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሰው ሁሉንም አዳፕተር እንደዚያ ያስበዋል። የድሮው ከባድ አዳፕተር ውስጡ የመዳብ ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ 220 ሲገባበት የሚያወጣው ቮልትም ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ራሱም ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩን ለባለቤቱ ከመለሳችሁ ወዲህ ያ አዳፕተር በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳይሰካ። ወንድሞችህ ሳያውቁ እንዳይሰኩት ከቤት አርቀው።

መፍትሔው ሌላ ትራንስፎርመር መግዛት ላይሆን ይችላል። ሴጋው ፊት ለፊቱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳና ድምፅ መጨመሪያ መቀነሻ ካለው የመጀመሪያው ሞዴል ነው፤ የሚፈልገውም 9 ቮልት ዲሲ፣ ቢያንስ 1.2 አምፔር፣ የጃኩ መሃል ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ነው። ይህን የሚያሟላ ባለ 220 ቮልት አዳፕተር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል። ችግሩ ያለው «መሃል ኔጌቲቭ» የሚለው ላይ ነው። የሪሲቨርና የዋይፋይ አዳፕተሮች በብዛት መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። ቮልቱ ተስማማ፣ ጃኩም ገባ ተብሎ ከተሰካ ኃይሉ በተገላቢጦሽ ይሄድና የውስጡን ኃይል ማረጋጊያ ይጎዳል። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ መሃል ነጥብ፣ ዙሪያዋን ግማሽ ክብ ያለባት ትንሽ ሥዕል አለች፤ ነጥቧ ከመደመር ምልክቱ ጋር ነው ወይስ ከመቀነሱ ጋር የተያያዘችው? እሷን ሳታይ ምንም አትሰካ። አምፔሩ ከተጻፈው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ማነስ ግን የለበትም፤ ቮልቱ ደግሞ ልክ መሆን አለበት። ትንሹ ሁለተኛው የሴጋ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ 10 ቮልት፣ 0.85 አምፔር፣ መሃሉ ፖዘቲቭ። የቻይናው የካሴት ጌም አዳፕተር እንደ ሠሪው ስለሚለያይ የራሱን ብቻ ተጠቀም፣ በላዩም ላይ በፕላስተር ስሙን ጻፍበት። ይህን ለሁሉም አዳፕተሮች አድርገው፤ ብዙ ጥቁር አዳፕተር አንድ ቦታ ሲከማች ማንም መለየት አይችልም።

ፕሌይስቴሽን 1 እና 2 ኃይል ሰጪያቸው ውስጣቸው ነው። ከሥራቸው ወይም ከጀርባቸው ያለውን ጽሑፍ አንብብ፦ ከ220 እስከ 240 ካለ ከግድግዳው መሰካት ይችላል፤ 120 ወይም 100 ካለ ያለ ትራንስፎርመር አይነካም። ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ወደ 50 ዋት ስለሚወስድ 100 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ሳይጨነቅ ይሸከመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሰው ብዙ ማሽን ሲኖረው መጀመሪያ የሚያስበው ብዙ ቀዳዳ ያለው ዕቃ መግዛትን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የትኛው ማሽን መሰካት እንደማያስፈልገው እንድታይ እመክርሃለሁ። ፕሌይስቴሽን 3 ኤችዲኤምአይ አለው፤ ባዶ ያለው ሁለተኛው ኤችዲኤምአይ የሱ ነው፣ ለዘላለም እዚያው ይቀመጥ። ሪሲቨሩም ቦታውን አይልቀቅ። ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ የፕሌይስቴሽን 1 ዲስኮችን ከጥቂቶቹ በቀር እንዲያጫውት ተደርጎ ነው የተሠራው። የግራጫው ሚሞሪ ካርድና ጆይስቲክ ፒኤስ ቱ ላይ ይገባሉ፤ የፒኤስ ዋን ጨዋታ ሴቭ የሚያደርገው ግን በፒኤስ ዋን ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ስለሆነ ካርዱን አትጣለው። አንድ ነገር አለ፦ ዲስኮችህ ቅጂ ከሆኑና ፒኤስ ቱህ ቺፕ ካልተሠራለት አያነባቸውም። ዛሬ ማታ ያሉህን ዲስኮች አንድ በአንድ ፒኤስ ቱው ላይ ሞክራቸው። ከሠሩ ግራጫውን አጽድተህ በካርቶን አስቀምጠው፤ ሌንሱም ያርፋል። ካልሠሩ እሱም ይሰካል። እንግዲህ ለአንዷ ኤቪ የቀሩት ሦስት ወይም አራት ማሽኖች ብቻ ናቸው፦ ካሴቱ፣ ሴጋው፣ ፒኤስ ቱው፣ ምናልባትም ፒኤስ ዋኑ።

መንታ ገመዱ ለምን እንደማይሆን ልንገርህ። ቢጫው ገመድ የሚይዘው ምስል በ1 ቮልት ውስጥ ያለች ደካማ ሲግናል ናት። የእያንዳንዱ ማሽን የምስል መውጫ 75 ኦም ነው (ኦም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መለኪያ ነው)፣ የቴሌቪዥኑ መግቢያም 75 ኦም ነው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ሲግናሉ ልኩን የሚይዘው። ሌላ ማሽን ጨምረህ በመንታ ካያያዝከው፣ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ያ 75 ኦም አለ፤ ከመስኖ ቦይ ላይ ጎረቤት ሳይዘጋ እንደተወው ቅያስ ውኃውን ይስበዋል። 1 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 0.67 ይወርዳል። ምስሉ ይጨልማል፣ ሦስተኛ ማሽን ሲጨመር ደግሞ ቴሌቪዥኑ የምስሉን መጀመሪያ ማግኘት ያቅተውና መንሸራተት ይጀምራል። ሁለቱ አብረው ከበሩማ ምንም አታይም። መንታ ገመድ ጥቅም የሚሰጠው ለድምፅ ነው፤ እሱም አንዱን ድምፅ ለሁለት ለመክፈል እንጂ ሁለቱን ወደ አንድ ለማምጣት አይደለም።

የሚያስፈልግህ ኤቪ መምረጫ ነው፤ ሱቅ ላይ «ኤቪ ስዊች» ወይም «ኤቪ ሴሌክተር» በለው። ከኋላው ሦስት ወይም አራት ረድፍ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ፣ አንድ የመውጫ ረድፍ፣ ከፊቱ ደግሞ የሚጫን ቁልፍ ያለው ሳጥን ነው። ባለ አራቱን ግዛ። መብራት የማይፈልገው፣ በእጅ ብቻ የሚጫነው ይሻልሃል፦ ውስጡ መገናኛ ብቻ ስለሆነ ምስሉን አይነካውም፣ አያዘገየውም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም የሚበላሽ ነገር የለውም። ከመክፈልህ በፊት ቁልፎቹን ሞክር፦ አንዱን ስትጫን ሌላው ብቅ ማለት አለበት። ሁለቱ አብረው ተጭነው የሚቀሩ ከሆነ ያው መንታ ገመዱን ነው የገዛኸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት አለ። «ስፕሊተር» የሚባል በጣም የሚመስለው ሳጥን አለ፤ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። አንድ ሪሲቨርን ለሁለትና ለሦስት ቴሌቪዥን የሚያከፋፍል ነው፣ ምግብ ቤቶች ይጠቀሙበታል። ሻጩ «ያው ነው» ቢልህ አትመነው። ሳጥኑ ላይ መግቢያው ብዙ፣ መውጫው አንድ መሆኑን በዓይንህ አይተህ ውሰድ።

መምረጫው በአካባቢህ ከጠፋ ሊሠራም ይችላል። ብየዳ የሚችል የሬዲዮ ጠጋኝ፣ ባለ ሦስት ፖል ባለ አራት አቅጣጫ የሚዞር ስዊች ካገኘ፣ በትንሽ ብረት ሳጥን ውስጥ ገጥሞ ይሰጥሃል። አንዱ ፖል ለምስል፣ ሁለቱ ለግራና ለቀኝ ድምፅ፤ የሁሉም ግራውንድ አንድ ላይ ይታሰራል። የምስሉ ሽቦ ጥልፍ ሽፋን ያለው ይሁን፣ ከድምፁም ይራቅ። ከፋብሪካው ርካሽ ሳጥን ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ነው፣ የአገራችን ጠጋኞች እጅ ደግሞ ለዚህ አይታማም።

ርካሽ መምረጫ ላይ ልታየው የምትችለው አንድ ጉድለት የሌላው ማሽን ምስል እንደ ጥላ ከጀርባ መታየቱ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የማትጫወትበትን ማሽን አጥፋው። ሁሉም ተሰክተው ይቀመጡ እንጂ ሁሉም መብራት የለባቸውም።

የላላው ቢጫ ቀዳዳ ደግሞ መምረጫውን ከመግጠምህ በፊት ይሠራ። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ቀዳዳው ሳይሆን ከቦርዱ ጋር የያዘው የብየዳ ቆርቆሮ ነው፤ በመነቃነቅ ይሰነጠቃል። ቴሌቪዥን ጠጋኝ በአጭር ጊዜ እንደገና ይበይደዋል። ከዚያ ከመምረጫው የሚወጣውን ገመድ አንዴ ሰክተህ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ በፕላስተር ያዘው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ወደዚያ እጁን አይሰድም። የወንድሞችህ እጅ መምረጫው ላይ ብቻ ይሁን። የቴሌቪዥንህ ኤቪ ሦስት ቀዳዳ ሳይሆን የጆሮ ማዳመጫ የሚመስል አንድ ጠባብ ቀዳዳ ከሆነ፣ ከቴሌቪዥኑ ካርቶን ጋር የመጣውን አጭር ገመድ ፈልገህ እሱን ተጠቀም። የውስጥ ሽቦው አቀማመጥ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ የሪሲቨሩ ገመድ ገብቶ ምስል በድምፁ በኩል፣ ጩኸት በምስሉ በኩል ሊመጣብህ ይችላል።

የሴጋው ጥቁርና ነጭ መሆን ብልሽት አይደለም። አሜሪካ የምትጠቀመው የቀለም አሠራር ኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ይልካል፣ ቀለሙን የሚሸከመው ሞገድ 3.58 ሜጋኸርዝ ነው። የኛ አገር ፓል ነው፤ 50 ጊዜ፣ 4.43 ሜጋኸርዝ። ፓል ብቻ የሚጠብቅ ቴሌቪዥን ቅርጹን ያየዋል፣ የቀለሙን ሞገድ ግን አያውቀውምና ጥሎት ያልፋል። አሁን የሚሸጡ ፍላት ቴሌቪዥኖች በብዛት ሁለቱንም ያውቃሉ፤ ግን አንድ ሰው ሜኑው ውስጥ «ከለር ሲስተም» የሚለውን ፓል ላይ አስሮት ይሆናል። ሴጋው በርቶ፣ ቴሌቪዥኑ ኤቪ ላይ እያለ፣ በሪሞቱ ሜኑ ገብተህ «አውቶ» አድርገው፤ እምቢ ካለ ራሱን ኤንቲኤስሲን ምረጥ። ምርጫው የሚታየው ኤቪ ላይ ሳለህ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ኤችዲኤምአይ ላይ ሆነህ ፈልገህ ተስፋ አትቁረጥ።

የካሴቱ ጌም ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ቢመጣ አትደናገጥ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም ቅጂ ነው፤ ድምፁ ሞኖ ነው፣ ሁለት ገመድ ብቻ ነው የሚያወጣው። አሁን ያቺ ባለ መንታ ገመድ ቦታዋን አገኘች፦ የድምፁን አንድ ጃክ ለሁለት ከፍለህ ወደ መምረጫው ነጭና ቀይ አስገባው። የሴጋው የመጀመሪያ ሞዴልም ከኋላ የሚያወጣው ሞኖ ነው፤ ስቴሪዮው ያለው ከፊት ባለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነው። ከዚያች ቀዳዳ ወደ ነጭና ቀይ የሚሄድ ተራ የስልክ ኦዲዮ ገመድ ብትሰካለት ሙዚቃው ሌላ ነው። ሞክረው፣ እውነቴን ነው፤ ያ ማሽን የሚገባው ይኸው ነው።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ ሁለት ነገር አስተካክል። አንደኛ የምስሉ ቅርጽ 4 በ3 ይሁን። እነዚህ ጨዋታዎች የተሣሉት ለአራት ማዕዘኑ ቴሌቪዥን ነው፤ ሙሉ ስክሪን ሲለጠጥ ሰዉም ኳሱም ይወፍራል። ሁለተኛ «ጌም ሞድ» ካለው አብራው። ፍላት ቴሌቪዥን የገባለትን ምስል ሳያስውብ አያሳይም፣ ማስዋቡ ጊዜ ይወስዳል፤ በ60 ኸርዝ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ ቴሌቪዥኑ አራት አምስቱን ይዞ ካቆየ ቁልፉን ተጭነህ ሰውየው የሚዘለው ዘግይቶ ነው። ወንድሞችህ «ጆይስቲኩ ተበላሽቷል» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የካሴቱ ጌም፣ ሴጋውና አብዛኛው የፒኤስ ዋን ጨዋታ የሚልኩት 240 መስመር ያለው ሙሉ ምስል ነው። ብዙ ፍላት ቴሌቪዥኖች ግን ይህን በግማሽ በግማሽ የተላከ 480 መስመር ነው ብለው ይወስዱታል፣ ሁለት ሁለቱንም ያዋህዱታል። በዚህ የተነሳ ተመትቶ ብልጭ ድርግም የሚለው ሰውዬ ጨርሶ ይጠፋል ወይም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይህን ቤት ውስጥ ባለ ሜኑ አታስተካክለውም። በትክክል የሚፈቱት ሬትሮቲንክ የሚባሉ ልዩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህና ለነዚህ ማሽኖች ያለህ ፍቅር የእድሜ ልክ ከሆነ አስልካቸው፣ ካልሆነ ግን ብድር ውስጥ አትግባ። ከዚያ ይልቅ ጎረቤት ወይም ዘመድ ቤት የተጣለ፣ ጀርባው ትልቅ የድሮ ቴሌቪዥን ካለ ለምነህ ውሰደው። 240 መስመሩን እንደተላከ ያሳየዋል፣ አይዘገይም፣ የካሴቱ ጌም ሽጉጥ የሚሠራውም በሱ ላይ ብቻ ነው፤ ሽጉጡ የድሮው ቱቦ መስመር በመስመር ሲሥል የሚወጣውን ብርሃን ስለሚጠብቅ ፍላት ላይ የጨዋታው ዳክዬ አይወድቅለትም። ከመውሰድህ በፊት ግን ያ ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ እንደሚያውቅ በሴጋው ሞክረው፣ ፓል ብቻ የሆኑ ብዙ አሉ። ጀርባውንም አንተ አትክፈተው፤ ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ቮልት ውስጡ ይቆያል።

ርካሹን ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ለአንተ አያስፈልግህም፤ ቴሌቪዥንህ ኤቪ አለው። እሱ ሳጥን ያንኑ የ240 መስመር ስህተት ይሠራል፣ መዘግየቱንም ይጨምርበታል። ኤቪ የሌለው አዲስ ቴሌቪዥን ያላቸው ግን ለእያንዳንዱ ማሽን ሳይሆን ከመምረጫው በኋላ አንድ ብቻ ይግዙ፣ በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ያብሩት። እዚያም አቅጣጫው ይታይ፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይረው መንትያው ነው የሚመስለው።

አቀማመጡን በተመለከተ ማሽኖቹን አንዱን በሌላው ላይ አትደራርባቸው። የወፍራሙ ፒኤስ ቱ ማራገቢያ የጎኑና የጀርባው አየር ካልተከፈተለት ይግላል፣ በበጋ ደግሞ አቧራው ይደፍነዋል። ጆይስቲኮቹ ባለ ገመድ ስለሆኑ ማሽኖቹን ወደ ተጫዋቾቹ አቅርበህ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውን አንዱን ገመድ ብታረዝመው ይሻላል፤ ጥሩ ባለ 75 ኦም ቢጫ ገመድ እስከ 5 ሜትር ድረስ ምስሉን አያጎድልብህም። እግር የሚጠልፈው ገመድ ከሌለ መሬት የሚወድቅ ማሽንም አይኖርም።

የኃይል ገመዶቹን ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስባቸው፤ የአሜሪካው ካለ ግን በትራንስፎርመሩ በኩል ብቻ። መብራት ድንገት ሲሄድ ወዲያው ዲቫይደሩን አጥፋው፣ ከመጣም በኋላ ጥቂት ቆይተህ አብራው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ሲመለስ ያለው ግፊት ነው። የምስል ጃኮችን ስትሰካም ሁሉም ከመብራት ተነቅሎ ይሁን። ግራውንድ የሌላቸው አዳፕተሮች የጃኩን ብረት ትንሽ ቮልት ያስይዙታል፤ እጅህን ቆንጠጥ የሚያደርግህ እሱ ነው። ለአንተ አያሰጋም፣ ለማሽኑ የምስል መውጫ ግን ጥሩ አይደለም።

አሁን ሥራህ የሴጋውን ሥርና የአዳፕተሩን ጀርባ ጽሑፍ በስልክህ አንስተህ መላክ ነው። ሞዴሉን ካየሁ በኋላ የትኛውን አዳፕተር እንደምትገዛ በትክክል እነግርሃለሁ። እስከዚያ መምረጫውን ገዝተህ ካሴቱንና ፒኤስ ቱውን ማገናኘት ትችላለህ፣ ሴጋውን ግን አትሰካው።